አጣቢዋና የቤተሰባችን የተሳሳተች ፊደል

ሥራዋን ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «አጣቢ ነኝ» ትላለች። ጠያቂው ነጭ ጋዋኗንና አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ እያየ ግራ ሲገባው ደስ ይላታል። በምትሠራበት ሆስፒታልም ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ «አጣቢዋ» ነው የሚሏት። እኔ ግን እታለም ነው የምላት፤ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት። ስለ እሷ መጻፍ ያማረኝ ዘመዴ ስለሆነች ብቻ አይደለም። እኔ ዛሬ ቁጭ ብዬ ይህን የምጽፈው፣ እናቴም በሚቀጥለው ክፍል ሆና ሬዲዮ የምታዳምጠው፣ እሷ በሠራችው ሥራ የተነሳ ነው ብል አላጋነንኩም።

እናቷ በዚያው ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምትሠራው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በእንፋሎት ሁልጊዜ ላብ ያጠመቀው የሚመስል። እታለም ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትውለው እዚያ ነበር። ጠረጴዛዋ የታጠፈ አንሶላ ክምር ነው፤ ደብተሯን እሱ ላይ ዘርግታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እናቷ ደም የነካውን አንሶላ ለብቻ፣ ቅባት የነካውን ለብቻ ትለያለች። ደም የነካው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚዘፈዘፈው። አዲስ የመጣች ሠራተኛ ተሳስታ በሙቅ ከነከረችው የእታለም እናት ራሷን ይዛ፣ «በቃ ጋገርሽው፤ አሁን ማን ያስለቅቀዋል» ትላለች። ልጅቷ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። የውሃ ሙቀት ቀልድ እንዳልሆነ ከሀ ሁ እኩል ነው የተማረችው።

ትምህርቷን ስትጨርስ የላቦራቶሪ ሙያ አጥንታ ተመልሳ እዚያው ተቀጠረች፤ ከእናቷ ክፍል ፎቅ ከፍ ብላ። እናቷ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀስራ «ልጄ እላይ ናት» ትል ነበር። አንዳንዱ ሰው ልጇ የሞተችባት መስሎት ከንፈሩን ይመጥላት ነበር አሉ።

ወንድም ጋሼን ያወቀችው የላቦራቶሪውን መደርደሪያ ሊሠራ ሲመጣ ነው። ወንድሜ አናጢ ነው፤ እጁ የተባረከ። በዚያ ጊዜ ግን የሚሠራው በእጅ መጋዝ ብቻ ነበር። ሌላው አናጢ በማሽን በአንድ ጠዋት የሚጨርሰውን እሱ እየፋቀ፣ እየለካ፣ እየቆረጠ ይሰነብትበታል። እታለም አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ለምን በማሽን አትቆርጠውም? ብልቃጦቻችን እኮ ወለል ላይ ናቸው» አለችው።

«እናቴ አትፈቅድም» አላት።

ጢሙን ያንዠረገገ ጎልማሳ ነው እንዲህ የሚላት። ሳቋ መጣ፤ ፊቷን አዙራ ብትታገለውም አላስቻላትም። እሱ ግን አልሳቀም። መጋዙን አስቀመጠና በቤታችን የሆነውን ነገራት።

በቤታችን የሆነው ይህ ነው። የሁላችን ታላቅ የነበረችው እትዬ ገና ልጃገረድ ሳለች ነፋስ በሩን ወርውሮ ሲዘጋው ደንግጣ ወደቀች፤ አልተነሳችም። ከዚያ ዓመታት ቆይቶ ከወንድም ጋሼ ቀጥሎ ያለው ወንድማችን ለፈተና እንዲቀሰቅሰው ያዘጋጀው ሰዓት ሲያንጫርር አልጋው ላይ እንዳለ አለፈ። ሁለቱም አንድም ቀን ራሴን እንኳ ያላሉ ጤነኞች ነበሩ። አባታችን ቀደም ብሎ በሌላ ሕመም ሞቷል። እማዬ ለልጆቿ ሞት የራሷን ምክንያት አገኘችለት፤ «የአባታችሁ ዘር ልበ ስስ ነው፤ ድንጋጤ አይችልም» አለች። የቀረነውን ሁለታችንን ከድንጋጤ ልትጠብቀን ታጥቃ ተነሳች።

የበሩ ደወል ተነቀለ። እንግዳ በጣቱ ጫፍ ነው የሚያንኳኳው። የበሮቹ ጠርዝ ሁሉ ወፍራም ጨርቅ ተለበጠ። ስልኩ በፎጣ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ይኖራል፤ ሲጠራ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚያስል ይመስላል። የድስት ክዳን የሚቀመጠው ጨርቅ ላይ ነው። ውሻችን ጮኸ ተብሎ ለጎረቤት ተሰጠ፤ እዚያም ሆኖ ጮኸ፤ እማዬ ሄዳ ጎረቤቱን ራቅ ላለ ዘመዱ እንዲሰጠው ለመነችው። የሠፈሩ ሰው ቤታችንን «ቤተ መጻሕፍቱ» ይለው ነበር። ወንድም ጋሼ የማሽን መጋዝ እገዛለሁ ባለ ጊዜ እማዬ ምግብ መብላት አቆመች። በቃ፣ በእጅ መጋዝ ቀረ።

እታለም ይህን ሁሉ ሰምታ ገባችበት። አዲስ ሙሽራ ሆና ቤታችን በመጣች ሰሞን ማዕድ ላይ ተቀምጠን አስነጠሳት። የእታለም ማስነጠስ ደግሞ ከዚያች ቀጭን ሴት ይወጣል ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም፤ ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። ቤቱ ድሮም ጸጥ ያለ ነው፤ ያኔ የባሰውን ጸጥ አለ። እማዬ መጀመሪያ ወንድም ጋሼን አየች፤ ቀጥላ እኔን። ሁለታችንም እናላምጣለን። ከዚያ ወደ ሙሽራዋ ዞር ብላ፣ «ይማርሽ ልጄ። ሌላ ጊዜ ሲመጣብሽ ግን የጓሮ በር አለልሽ» አለቻት።

እታለም አልተቀየመችም። ወደ ጓሮ እየወጣች ስታስነጥስ ኖረች። እማዬን ግን አንድ ቀን፣ «እማማ፣ ድንጋጤ ጤነኛ ሰው አይገድልም። ሌላ ነገር አለ» ብላት ነበር። እማዬ እንዳልሰማች ሆና አለፈችው።

የወንድም ጋሼና የእታለም የመጀመሪያ ልጅ ሴት ናት። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው የገባችው። ቤታችን ውስጥ በሹክሹክታ ያደገች ልጅ ግቢው ውስጥ ስትለቀቅ የሚያቆማት አልነበረም። አንድ ጠዋት እየሮጠች በአዲሱ የኤሌክትሪክ ደወል ሥር ስታልፍ ደወሉ ጮኸ። ከመስኮት እያየኋት ነበር። እግሯ እንደ ክር ተጠቀለለና መሬት ላይ ተዘረጋች።

እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አላውቅም። ፊቷ አመድ መስሏል። በልቤ እትዬን እያየሁ ነበር። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና፣ «አክስቴ፣ ዩኒፎርሜ ቆሸሸ?» አለችኝ። ያኔ ነው እኔም መሬት ላይ ቁጭ ያልኩት።

እታለም ከነጋዋኗ መጣች። አላለቀሰችም። ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ «ምን እንደሆነ ሳናውቅ ቤት አንገባም» አለች።

የልብ ሐኪሙ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የልጅቷ የልብ ምት የተመዘገበበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው። ልቧ አንዴ ከመታች በኋላ ለሚቀጥለው ምት ለመዘጋጀት ከሚገባው በላይ እንደምትዘገይ፣ በዚያች ክፍተት ድንገተኛ ድምፅ ከመጣ ምቷ እንደሚዘባረቅ አስረዳን። ከዚያ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀ። ስለ በሩ ነገርኩት። ስለ ሰዓቱም ነገርኩት።

«ይሄ ልበ ስስነት አይደለም። በዘር የሚወርድ ነው። መድኃኒትም አለው» አለ።

ወንድም ጋሼ፣ «የመጨረሻውን ይድገሙልኝ» አለው።

«መድኃኒት አለው።»

ልጅቷ በየዕለቱ የምትውጠው ክኒን ተሰጣት። ደሟ ደግሞ ውጭ አገር ወዳለ ትልቅ ላቦራቶሪ ተላከ። መልሱ ከብዙ መጠበቅ በኋላ መጣ፤ የልብን ምት ከሚቆጣጠረው የዘር ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ፊደል ተሳስታለች። አንዲት ብቻ። እኔ በቃል ጽሕፈት አንድ ፊደል ለሳተ ልጅ ከዐሥር ዘጠኝ የምሰጥ አስተማሪ ነኝ። እህትና ወንድሜን የወሰደች እሷ መሆኗን ስሰማ የምናደድበት ሰው አጣሁ።

ሐኪሙ ሁላችንም እንድንመረመር ፈለገ። ችግሩ የልብ ምት ማንበቢያው ማሽን ሁሉንም ሰው አለመያዙ ነው። ወንድም ጋሼ ተነበበለት፤ ንጹሕ ሆነ። «ወረቀቱ ንጹሕ ነው ማለት ደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ፊደሏ ተደብቃ ልትቀመጥ ትችላለች» አለ ሐኪሙ። የእያንዳንዳችንን ደም፣ የአጎት የአክስት ልጆቻችንን ሁሉ ጨምሮ፣ ውጭ ልኮ መልስ መጠበቅ ደግሞ አቅምም ጊዜም የሚበላ ነገር ነው።

በዚያ ወቅት እታለም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ከአንዲት ወጣት መሐንዲስ ጋር ነበር የምትሠራው። መሐንዲሷ ተላላፊ ተሕዋስያንን ከዘራቸው ለይቶ የሚያውቅ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ለመሥራት ነው የመጣችው፤ ባዮሴንሰር ይሉታል። እታለም አንድ ጠዋት ጋዋኗን ሳትለብስ ገብታ ጠየቀቻት።

«ይሄ ያንቺ መሣሪያ አንዲት ፊደል መለየት ይችላል?»

መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን ነከሰች። «መቻል ይችላል። ግን በጣም አስቸጋሪ ነው።»

«እኔ አስቸጋሪ ነው ወይ አላልኩሽም።»

መሐንዲሷ ሳቀችና ወንበር ሳበችላት። የዚያኑ ቀን ጀመሩ።

እታለም ነገሩን ለእኛ ለቤቱ ሰዎች ያስረዳችን እንዲህ ነው። የሰው ዘር የተጻፈበት ክር ጥንድ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር እንደ ዚፕ ጥርስ በጥርስ ይገጥማል። ሲሞቅ ለሁለት ይከፈላል፤ ሲበርድ እያንዳንዱ ግማሽ የሚገጥመውን ፈልጎ ይይዛል። መሣሪያው ላይ የምስማር ራስ የሚያክሉ ሁለት የወርቅ ነጠብጣቦች አሉ። በአንደኛው ላይ ከትክክለኛው ጽሑፍ ጋር የሚገጥም ግማሽ ክር ተተክሏል፤ በሁለተኛው ላይ ከተሳሳተው ጋር የሚገጥም። ከሰው ደም ወጥቶ የተባዛው ክር ሲፈስባቸው የገጠመው ይጣበቃል። የተጣበቀ ነገር ካለ በወርቁ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ማሽኑ ያንን ያነባል። የመጀመሪያው ነጠብጣብ ብቻ ከመለሰ ሰውየው ነጻ ነው። ሁለቱም ከመለሱ ከእናቱ ወይ ከአባቱ የወረሳት የተሳሳተች ፊደል አለችው።

«ታዲያ አስቸጋሪው ምኑ ነው?» አልኳት።

«አንድ ጥርሱ የተጣመመ ዚፕም እኮ ይዘጋል» አለችኝ።

ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ክሮቹ በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ፣ ትክክለኛውም ክር የተሳሳተው ነጠብጣብ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ደህና አድርጎ ያልገጠመውን ማስለቀቅ የሚቻለው በማጠብ ነው፤ ልክ ባለው ሙቀት፣ ልክ ባለው የጨው ውሃ። ውሃው ከቀዘቀዘ ሁሉም ተለጥፎ ይቀራል። ከሞቀ የገጠመውም አብሮ ይሄዳል። ማጠቡ የእታለም ድርሻ ሆነ፤ «አጣቢዋ» የሚለው ስም የወጣላትም ያኔ ነው። መሐንዲሷ ለቀልድ ጠራቻት፤ እሷ ወደደችው፤ በዚያው ቀረ።

ብዙ ጊዜ አልሆነም። መሐንዲሷ በራሷ ደም ሞከረች፤ ማሽኑ ሁለቱም መለሱ አላት። የዘበኛውን ደም ሞከሩ፤ እሱም ታመመ። «በእኛ ማሽን ጤነኛ ሰው ጠፋ» ትለን ነበር እታለም፣ ትከሻዋ ወርዶ። የባሰው ደግሞ አንዱ ደም ጠዋትና ከሰዓት ሲታይ የተለያየ መልስ መስጠቱ ነው። ውሃውን ከፍ አደረጉ፣ ዝቅ አደረጉ። ጨውን ጨመሩ፣ ቀነሱ። መሐንዲሷ በሦስተኛው ወር «ምናልባት ሌላ መንገድ ብንሞክር» ማለት ጀመረች።

እታለም ግን ውሃው አጠራጠራት። ሙቀቱ የሚለካው ከሚሞቅበት ዕቃ ውስጥ ነው፤ ወርቁ ላይ ሲደርስስ? ከመሐንዲሷ ጋር ሆነው ፀጉር የምታክል የሙቀት መለኪያ ሽቦ ወርቁ አጠገብ አስገቡ። ውሃው እዚያ ሲደርስ በርዶ አገኙት። መሣሪያው የተቀመጠበት ድጋፍ ብረት ነው፤ ብረቱ ደግሞ የድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠዋት ክፍሉ ሲበርድ ብረቱ የውሃውን ሙቀት እየመጠጠ ይወስደዋል፤ ከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ይተወዋል። መሐንዲሷ ግንባሯን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና፣ «ስንት ወር ሙሉ ጠረጴዛውን ስናሞቅ ነበር» አለች። ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

አዲስ ድጋፍ ከውጭ ማስመጣት ጊዜ ይፈጃል። እታለም መሐንዲሷ የሣለችላትን ንድፍ ይዛ ቤት መጣችና ወንድም ጋሼ ፊት ዘረጋችው። ወንድም ጋሼ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየ።

«ይሄ ጎድጓዳው ምን ይቀመጥበታል?»

«የእኛ ዕጣ» አለችው።

ወንድሜ ነገር አያበዛም። ከደረቀና ከጠነከረ እንጨት ለመሣሪያው መቀመጫ ቀረጸለት፤ ለስላሳ፣ ውሃ እንዳያስገባ በቀለም የተለበጠ፣ ወርቁ ያለበትን ሰሌዳ እንደ መዳፍ የሚይዝ። መሐንዲሷ ደግሞ ሙቀቱን ከዕቃው ሳይሆን ከወርቁ አጠገብ እያነበበ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ሠራች። ከዚያ የመሐንዲሷን ደም አሳለፉ። አንዱ ነጠብጣብ መለሰ፤ ሌላው ዝም አለ። የዘበኛውን አሳለፉ፤ እሱም ዳነ። የልጅቷን አሳለፉ፤ ሁለቱም መለሱ። ደገሙት። በማግሥቱም ጠዋት ደገሙት፣ ከሰዓትም ደገሙት። አልተናወጠም።

እታለም ያን ቀን ቤት ገብታ ለወንድም ጋሼ፣ «እንጨትህ ሠራ» አለችው። እሱ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል።

የቀረው ሰው መመርመር ነው። ወንድም ጋሼም እኔም ያለ ክርክር እጃችንን ሰጠን። እማዬ ግን እምቢ አለች።

«እኔን ምን አገባኝ? ነገሩ የአባታቸው ነው። እሱ ደግሞ ሞቷል፤ ተዉት ይረፍ» አለች።

«እማማ፣ በአባታቸው ወገን ብዙ ዘመድ አለ፤ በእርስዎም ወገን አለ። የየትኛው እንደሆነ ካወቅን ግማሹን ሰው በከንቱ አናስጨንቅም» አለቻት እታለም።

እማዬ የቀሚሷን ጫፍ ስታጣጥፍ፣ ስትዘረጋ ቆየች። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የእኔ ከሆነስ?» አለች።

ለካ ስትሸሽ የኖረችው ከዚህ ጥያቄ ነው። ቶሎ ብዬ «አይሆንም እማዬ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እታለም በዓይኗ አስቆመችኝ። ያላወቀችውን ነገር አትናገርም፣ ለማጽናናት እንኳ። «እኔ የምሠራበትን ቦታ አይተውት አያውቁም። ይምጡና ላሳይዎት» አለቻት ብቻ።

እማዬ ደህና ጫማዋን አድርጋ፣ ሻርፗን አሥራ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። እታለም ከፍ ያለች ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ሥራዋን ቀጠለች። እማዬ ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ሲያልፍ፣ እታለም አንገቷን ደፍታ ሙቀቱን ስታይ፣ ጣቷን ሳታንቀሳቅስ ስትጠብቅ አየቻት።

«ስንት ጊዜ ነው የምታጥቢው?»

«የማይገጥመው እስኪለቅ ድረስ።»

«የሚገጥመውስ አብሮ አይሄድም?»

«ሙቀቱ ከተጠበቀ አይሄድም፣ እማማ።»

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። በሕይወቷ ሙሉ ልጅ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ መጠበቅን ስታየው ታውቀዋለች። ከወንበሯ ሳትወርድ እጅጌዋን ሰበሰበች። «በይ ውሰጂ» አለች።

አንድ ነገር ግን እታለም ከመጀመሪያው ወስና ነበር። ደሙ የሚቀመጥባቸው ብልቃጦች ላይ ስም አይጻፍም፤ ምልክት ብቻ ነው። ምልክቱ የማን እንደሆነ የሚያውቀው የልብ ሐኪሙ ነው። «የማንን ደም እንደማጥብ ካወቅሁ እጄ ይፈራል። የፈራ እጅ ደግሞ ልክ አያጥብም» አለች። ስለዚህ የባሏን፣ የትንሹን ልጇን፣ የእኔን፣ የአማቷን ደም የማን እንደሆነ ሳታውቅ እኩል አጠበችው።

ውጤቱን ሐኪሙ ቢሮው ውስጥ ለየብቻችን ነገረን። ወንድም ጋሼ አለበት፤ ይህ የተጠበቀ ነው። ትንሹ ልጃቸው የለበትም። እኔ አለብኝ። ሐኪሙ ሲነግረኝ ያሰብኩት ስለ ሞት አልነበረም። በትምህርት ቤቱ ኮሪደር በዚያ ደወል ሥር ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለፍኩ ነበር።

እማዬ ብቻዬን አልገባም ስላለች አብሬያት ገባሁ።

«እናቴ፣ ፊደሏ ከእርስዎ ናት የመጣችው» አላት ሐኪሙ።

ከመስኮቱ ውጭ የአምቡላንስ ሾፌሮች እርስ በርስ ይቀላለዳሉ። እማዬ እነሱን የምትሰማ ትመስል ነበር።

«ወንድም ነበረኝ። ግንበኛ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ ሞተ ብለን ነው የቀበርነው። ሲወድቅ አጠገቡ ያለው ፋብሪካ ፊሽካ እየተነፋ ነበር። ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ማንም ግን ከዚያ ጋር አላገናኘውም።»

ከዚያ አለቀሰች። ሐኪሙ አላቋረጣትም፤ ወንበሩን አስጠግቶ ጠበቃት። ስትጨርስ፣ «እናቴ፣ ይህቺን ፊደል እርስዎም አልመረጧትም፤ የወለዱዎትም አልመረጧትም። ዛሬ ግን ታወቀች። የታወቀች ነገር ደግሞ እንደ ልቧ አትሆንም» አላት።

መንገዱን ሁሉ ክንዷን ይዤ ሄድን። ትሰበርብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። የቤታችን በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

«አባትሽን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ያን ሁሉ ዓመት የሰውየውን ዘር ሳማ ኖርኩ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ። ቀጥላም፣ «ስልኩን ከፎጣው አውጪልኝ» አለች።

ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በእሷ ወገን ያለ ዘመድ ሁሉ ጋ ደወለች። ለአንዳቸውም አልለሰለሰችም። «ነገሩ ከእኛ ደም ነው። የእኔ ነው። እኔ ነኝ የምጠራችሁ፤ ሥራ አለብኝ፣ መንገድ ሩቅ ነው የሚል እንዳልሰማ» ትላለች። በዚያ ቤት ድምፅዋ ያን ያህል ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። የሟቹ ግንበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች መጡ፤ የአክስት ልጆች መጡ፤ የሆስፒታሉ ኮሪደር በእኛ ሰው ተሞላ። እማዬ መሃል ተቀምጣ የሚፈራውን ትቆጣለች፣ የሚያለቅሰውን አጠገቧ ታስቀምጣለች። አንድ ጎረምሳ መርፌ አይቶ ሊያፈገፍግ ሲል፣ «እኔ አሮጊቷ የሰጠሁትን አንተ ትሰስታለህ?» አለችው፤ ተቀመጠ።

ብዙዎቹ ነጻ ሆነው ተገኙ። ምርመራው እስኪደረግ እንዳይሮጡ፣ እንዳይዋኙ የተከለከሉ ልጆች ምንም የለባችሁም ተብለው ሲወጡ ማየት ነበር። ያለባቸውም መድኃኒት ጀመሩ። የግንበኛው የልጅ ልጅ የሆነች አንዲት ወጣት ግን ከአንዴም ሁለት ሦስቴ ራሷን ስታ ለማንም ሳትናገር ደብቃ ኖራለች፤ ለእሷ ከቆዳ ሥር ልቧን የሚጠብቅ መሣሪያ ተተከለላት። ዓመት ሳይሞላ መሣሪያው ሥራውን ሠራ። ቢሮዋ ውስጥ የእሳት ማስጠንቀቂያ ጮኾ ወደቀች፤ ልቧ በመሣሪያው ተመለሰች፤ በእግሯ ሄዳ አምቡላንስ ውስጥ ገባች። ስትሻላት መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ነው። እታለምን አንገቷን አቅፋ ብዙ ቆየች። እታለም እጇ ላይ ጓንት ስለነበረ ሁለቱን እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ቆማ እንደነበር መሐንዲሷ ስትነግረኝ ትስቃለች።

ሐኪሙ ፊደሏ ላለብን ሰዎች የሚያባንን ደወል አልጋችን አጠገብ እንዳይኖር መክሮናል። በዚህ በኩል በቂ ልምድ እንዳለን ነገርነው። ከዚያ ወዲህ ከቤተሰባችን በዚህ ነገር የቀበርነው ሰው የለም።

መሣሪያው በእኛ ብቻ አልቀረም። ውጭ አገር ያለው ላቦራቶሪ መልሳቸውን ደብቆ የላካቸውን ናሙናዎች ሁሉ ሳይስት መለሰ። ይህ በታወቀ ጊዜ ሆስፒታሉ አዳራሹ ውስጥ ዝግጅት አደረገ። ወንበሩ ሞልቶ ሰው ቆመ። ከምድር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች ሰማያዊ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ መጥተው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ጡረታ የወጣችው የእታለም እናት መሃላቸው ናት። መሐንዲሷ ስለ ኤሌክትሪኩና ስለ ወርቁ ከተናገረች በኋላ፣ «እኔ የሚያወራ ማሽን ሠራሁ። እውነት እንዲያወራ ያደረግነው ግን ሁለታችን ነን» ብላ እታለምን ወደ መድረክ ጠራቻት።

ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን ይዞ በረጅሙ የሥራ ማዕረጓ ሊያስተዋውቃት ጀመረ። እታለም ቀስ ብላ ጎንበስ አለችለትና አንድ ነገር ነገረችው። ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። «አጣቢያችን» አለ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከኋላ ሽርጥ የታጠቁት ሴቶች ከሁሉም አብልጠው አጨበጨቡ። እታለም ያዘጋጀችውን ንግግር ዘረጋች። ስትጀምርም ስለ ራሷ አላወራችም፤ ውሃው ወርቁ ላይ ሲደርስ ስንት ዲግሪ መሆን እንዳለበት ነው ያወራችው። ወንድም ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አጎንብሶ ጫማውን ሲያስር ቆየ፤ ጫማው ማሠሪያ የለውም።

አሁን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል ግድግዳዋ ፈርሶ ከጎኗ ካለው ጋር ተቀላቅላለች። ሌሎች ቤተሰቦች ሌሎች የተሳሳቱ ፊደሎች ይዘው ይመጣሉ፤ ዓይን የሚያደክም፣ ደም የሚያሳንስ፣ ጡንቻ የሚያሰልል። ለእያንዳንዷ ፊደል አዲስ ክር ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ክር የሚስማማው እጥበት እንደ አዲስ ይፈለጋል። እታለም የምታሠለጥናቸው ወጣት ባለሙያዎች አሏት፤ አንዳቸውንም ከብዙ ልምምድ በፊት የሰው ደም አታስነካም። ኃይለኛ ናት ይሏታል። ትክክል ናቸው፣ ኃይለኛ ናት።

በቅርቡ ትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ነበር። ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቅ አንድ አባት የልጁን ውጤት ሊቀበለኝ ተራውን ጠብቆ ቀረበ። የልጁን የሂሳብ ነገር እየነገርኩት ሳለ ገጹን አየሁት፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ደህና እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ይቅርታ መምህርት። ዛሬ ጠዋት የትልቁን ልጄን የምርመራ መልስ ተቀብለን ነው የመጣነው። የእናቱ በሽታ እንዳይኖርበት ፈርተን ነበር፤ የለበትም» አለኝ። «ሦስት ጊዜ ነው የደገሙት አሉን። እርግጠኛ ካልሆነች መልስ የማትሰጥ ሴት አለች፤ አጣቢዋ ነው የሚሏት። ላመሰግናት ብል ሥራ ላይ ነች አሉኝ።»

«የወንድሜ ሚስት ናት» አልኩት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሰውየው ተነሣ። የልጁን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ትቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፤ ቶሎም አልለቀቀኝ። ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ወላጆች ተሰልፈው ነበር። አንዳቸውም አልተቆጡም።